በስልክ አይነገርም

የሄድኩ ዕለት ማታ አባዬ ሻንጣዋን እኔ ነኝ የማወርደው ብሎ ከዳዊት ጋር ተጣላ። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። አባዬ ደግሞ ልቡን ያመዋል፣ ሐኪሙም ደረጃ ቀንስ ብሎታል። ዳዊት ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጉልበት አላነሰውም፣ ግን አባዬን ማን ይመልሰዋል። «አባ፣ በናትህ ልቀቀው» እያለ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ይጎትታሉ። አባዬ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ «መንገደኛ ሸኝቶ የማያውቅ ልጅ እኔን ሊያስተምረኝ ነው?» ብሎ ሻንጣውን ነጠቀው። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ሲደርስ ሻንጣውን ያስቀምጥና የጎረቤት በር ያንኳኳል። «ሰብለ መሄዷ ነው፤ ውጡና ሰላም በሏት» ይላል። ሰላምታው ትንፋሽ መሰብሰቢያ መሆኑ ለሁላችንም ገብቶናል።

ታች መኪናው ጋ ስንደርስ እማዬ ማልቀስ ጀመረች። አባዬ ኤርፖርት አልሄድም አለ፤ ኤርፖርት ላይ የሚለቀስ ለቅሶ አልወድም አለ። አንገቴን አቅፎ በጆሮዬ ነው የተናገረኝ። «ሕመሙ ሲጠናብኝ ትመጫለሽ። ከነነፍሴ ታይኛለሽ። ቃል ግቢልኝ።» እመጣለሁ አልኩት፤ ምን ቸገረኝ፣ አውሮፕላን የሚወስድ አውሮፕላን ይመልሳል ብዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ከዚህ በኋላ የምናደደው ሁሉ ከዚያ ቃል የመጣ ስለሆነ ነው።

የመጣሁባትን ከተማ ስም አልጠራም። ደቡብ ጀርመን ውስጥ ናት፣ ይኼ ይበቃታል። አዲስ አበባ ጀርመንኛ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አውስቢልዱንግ በሚሉት የሙያ ሥልጠና ነው የመጣሁት፤ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ እየሠሩ መማር ነው። ፀሐይ ወጥታ ብርድ የሚገድልበት አገር እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በመስኮት ፀሐይ አይቼ በሹራብ ብቻ የወጣሁ ቀን ጆሮዬ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዳቦው ደግሞ ጥቁርና ደረቅ ነው፣ ያውም ይኮሩበታል፤ «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ዳቦ አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከራየሁት ክፍል ከፍራው ቤክ በላይ ነው። ፍራው ቤክ የቤቱ ባለቤት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ጀርባዋ የማይጎብጥ ሴትዮ። የገባሁ ቀን ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ደንቡን ሰጠችኝ። ሩሄሳይት ይሉታል፣ የጸጥታ ሰዓት ማለት ነው።

«ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ነው» አለችኝ። «ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝም ጸጥታ ነው።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ቀኑን ሙሉ ነው። ልብስ ማጠቢያ አይነሳም፣ ጠርሙስ አይጣልም።»

«እሁድ ሰው ሲመጣብኝስ?»

«ለምን ይመጣል?» አለችኝ፣ ከልቧ ገርሟት።

መተንፈስስ ይፈቀዳል ወይ አልኳት በአማርኛ። ያመሰገንኳት መስሏት ፈገግ አለች። ያኔ ጀሞን አሰብኩ። ጀሞ ከላይ ቤት ሚስማር ሲመታ ከታች ቤት ሻይ ይደፋል። ውኃ በመጣ ቀን ግቢው ሁሉ ባልዲ ነው፣ ሕፃናት ደረጃው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ስኖርበት ራሴን ያሳመመኝ ጫጫታ እዚህ ስመጣ አማረኝ፤ ይኼም አናደደኝ።

ደግሞ ደረጃ መጥረግ አለ። ኬርቮኸ የሚባል ነው፤ ተራሽ ሲደርስ አንዲት የእንጨት ምልክት በርሽ ላይ ትሰቀላለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃው ያንቺ ነው። ጀሞ ደረጃ የሚጠርገው ቀድሞ የተናደደ ሰው ነው። ፍራው ቤክ የጠረግኩትን ደረጃ በጣቷ ትፈትሻለች። «ፍራው ታደሰ፣ እዚህ ጋ አቧራ አለ።» በአባቴ ስም ነው የምትጠራኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። ትናንት ጠርጌዋለሁ እላታለሁ። «ዛሬ ግን አለ» ትለኛለች።

ሥራው ላይ መጀመሪያ ሰሞን እንደማንኛውም አበሻ ፈረድኩባቸው። ወላጆቻቸውን ሰው ቤት ጥለው የሚኖሩ ጨካኞች አልኩ። ስሰነብት ፍርዱን ተውኩት፤ በየሳምንቱ በባቡር እየመጣች የእናቷን ፀጉር የምታበጥር ልጅ አይቻለሁ፣ ጀሞ ውስጥ እናቱን በዓመት አንዴ የሚያይም አውቃለሁ። አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ግን ቀረ። ሰው ሲሞት ተረኛዋ ስልክ አንስታ ለቤተሰቡ ትናገራለች። ሌሊት ይሁን ቀን፣ ልጁ ሥራ ላይ ይሁን መንገድ ላይ፣ እዚያው በዚያው ነው የሚነገረው።

ይህንን ክፍል ውስጥ እንደ ትምህርት አስተማሩን። ስምሽን ተናገሪ፣ የምትደውይበትን ቦታ ተናገሪ፣ ከዚያ ሞተዋል በይ። አረፉ አትበይ፣ ተለዩን አትበይ፣ አትዙሪ። እኔ እጄን አወጣሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር። በስልክ መርዶ እኛ አገር ነውር ነው አልኳቸው። እኛ ጋ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚያከብረው ሽማግሌ ይመረጣል፣ በንጋት ይሄዳሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ሲነግሩት ይዘውት ነው። ማንም ብቻውን ሆኖ ስልክ ጨብጦ አይወድቅም አልኩ። ጀርመንኛዬ እንደዚያ ቀን ሰምሮልኝ አያውቅም፣ ኮራሁ።

አስተማሪዋ ጥሩ ሴት ናት፣ ለማፌዝ አልነበረም። «ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ የሚነገረው ሰው ምን እያደረገ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይኖራል» አልኳት። «በሰላም ይኖራል።»

ሁለተኛው ክረምቴ ላይ ዳዊት ስልክ ደውሎ አባዬን ትንሽ ደከም ብሎታል አለኝ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ደከም ብሎታል ከተባለ ሰውየው አልጋ ላይ ነው። በቪዲዮ አሳየኝ አልኩት። ፊቱ አብጦ ነበር፣ ሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አላወራኝም። «እየመጣሽ ነው?» ብቻ አለኝ። እየመጣሁ ነው አባ አልኩት።

የሥራ ቦታ ኃላፊዬ ወዲያው ፈቀደችልኝ። ችግሩ የመኖሪያ ካርዴ ነበር። አሮጌው ጊዜው አልፏል፣ አዲሱ አልታተመም፤ በእጄ ያለው ወረቀት እዚሁ ያኖረኛል እንጂ ከወጣሁ መልሶ አያስገባኝም። የሚመልሰኝን ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ያለ ቴርሚን ማለትም ያለ ቀጠሮ ሰው አያይም፣ ቀጠሮው ደግሞ ከወራት በኋላ፣ በጋ ላይ ነው። ከበር ጠባቂው ጋር ተሟግቼ ገባሁ። መነጽር ያደረገ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተክል ያሳደገ ሰውዬ ነው ያገኘሁት።

«አባትዎ ሞተዋል?» አለኝ።

«አልሞተም፣ ታሟል።»

«ለሕመም አስቸኳይ ቀጠሮ የለንም። ለሞት አለን።»

«ሳይሞት ልሰናበተው ነው የምፈልገው።»

«ይገባኛል። የሞት ማስረጃ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይዘው ከመጡ በዚያው ሳምንት ይስተናገዳሉ።»

«ስለዚህ ቶሎ ቢሞትልኝ ይሻለኛል ማለት ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም» አለና ኮምፒውተሩን አየ። «አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው።»

ስወጣ መልካም ቀን ይሁንልዎ አለኝ። ሁሌም ይላሉ፤ አንጀትሽን ቆርጠው መልካም ቀን ይመኙልሻል። ከዚያ በኋላም ተመላለስኩ። ኢሜይል ጻፍኩ፣ ሌላ ሰው ጠየቅኩ፣ ኃላፊዬ ጻፈችልኝ። መልሱ ያው ነበር። በመጨረሻ ዳዊትን ወረቀቱ ገደል ይግባ፣ ዝም ብዬ መጣሁ አልኩት።

«አብደሻል እንዴ?» አለኝ። «ከወጣሽ ማን ያስገባሻል? ፈተናሽስ? አባዬ ደህና ነው እኮ፣ እንዲያውም ተሽሎታል፣ ትናንት ሾርባ ጠጣ።»

ሾርባውን አመንኩት። አሁን ሳስበው ለማመን ምን ያህል ቸኩዬ ነበር። ካመንኩ ካርዴንም፣ ሥልጠናዬንም፣ ቃሌንም ሳልጥል መጠበቅ እችላለሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ዳዊት አነሳው፤ ከኋላው የሚንጫጫ ሕዝብ አለ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ሰሃን ይጋጫል።

«ምንድን ነው ጫጫታው?» አልኩት።

«ይኼ?» አለኝ። «ሰርግ ነው።»

«የማን?»

«የሄለን። ድንኳኑ ግቢ ውስጥ ነው የተተከለው።»

ሄለን ሁለተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ናት፣ ስመጣ እጮኛ ነበራት። ጀሞ ድንኳን የሚተከለው ብሎኮቹ መሃል ያለችው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነገሩ ምንም አልከነከነኝም። አባዬስ አልኩት። «ጸበል ገብቷል፣ እማዬ አብራው አለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጸበል ለመግባት ደረጃውን ወርዷል ማለት ነው፣ በእግሩ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ የቢሮ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ደስ የሚል ነገር ጆሮዬ ገባ።

«ላውድ ላይ አድርገው» አልኩት።

«ተይ ሰብሊ፣ ሰው አለ።»

«ሰው ስላለ ነው እኮ። አድርገው አልኩህ፣ ለሄለን እልል ልበልላት።»

እልልታዬን ለቀቅኩት። ትንፋሼ እስኪያልቅ ነው ያወጣሁት። ለሄለን ብቻ አልነበረም፣ ለአባዬም ነበር። ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። በሬ ተንኳኳ። ፍራው ቤክ ናት።

«ፍራው ታደሰ፣ ምን ደረሰብዎት?»

«ሰርግ ነው።»

«የት?»

«አዲስ አበባ።»

«ታዲያ እዚህ ለምን ይጮኻሉ?» አለችኝ። «እሁድ ነው።»

ያን ቀን ፍራው ቤክንም ወደድኳት። ለሄለን እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ጻፍኩላት። «አመሰግናለሁ ሰብሊዬ፣ ያንቺንም ያሳየን» ብላ መለሰችልኝ። ሄለን እስከ ዛሬ አላገባችም።

ከዚያ በኋላ የከተማዋ አበሻ ሁሉ ደግ ሆነብኝ። እዚህ ጥቂት ነን፤ የምታሰባስበን እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ወጣት ሳሉ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ቤታቸው በር የማይዘጋ ሴት። በየቀኑ ይደውሉልኛል። «በላሽ? ተኛሽ? ፈተናሽ መቼ ነው?» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው አቅፎኝ ቶሎ አይለቀኝም። የካርዴን ችግር ሰምተው ነው፣ አዝነውልኝ ነው አልኩ። ዳዊት ደግሞ አባዬ አሁንም ጸበል ነው ይለኛል፣ ሱባዔ ይዟል ይለኛል። አንድ ጊዜ እማዬ ደውላ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ጉንፋን ይዞኝ ነው አለችኝ፣ ዳማከሴ ጠጪበት አልኳት።

ፈተናውን አለፍኩ። በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ የበሩ ደወል አንዴ ብቻ ጢን አለ። ስከፍት እትዬ አልማዝ ቆመዋል፣ ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። የጸጥታ ሰዓት መሆኑን እትዬ አልማዝ ያውቃሉ፤ በካልሲ ነው ያስወጧቸው። መርዶ በካልሲ የመጣባት ሴት ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ሰልፍ በዚያ ሰዓት ለሌላ ነገር አይመጣም። «ማን ነው?» አልኳቸው።

«ግቢ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«እማዬ ናት ወይስ አባዬ?»

«አባትሽ አርፈዋል» አሉኝ እትዬ አልማዝ፣ በሁለት እጃቸው ይዘውኝ።

ጮኽኩ። መሬት ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ፣ እንዳልኩት ነው፣ ክፍል ውስጥ ለጀርመኖቹ እንደነገርኳቸው ነው የያዙኝ። ቀጥሎ ግን እትዬ አልማዝ በመዳፋቸው አፌን ሸፈን አደረጉና «ቀስ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አሉኝ። ከአገሬ ወግ ንጋቱን አምጥተውልኝ ጩኸቱን ከለከሉኝ። እጃቸውን ገፍቼ ባለ በሌለ ድምፄ አለቀስኩ።

ፍራው ቤክ ጋውኗን ደርባ ወጣች። ጫማ የያዙትን ሰዎች አየች፣ እኔን መሬት ላይ አየች። እትዬ አልማዝ በጀርመንኛ አባቷ ሞተው ነው አሏት። ፊቷ ተለወጠ። አቶ ታደሰ ማለታችሁ ነው፣ አዝናለሁ አለች፣ እውነትም ያዘነች ትመስላለች።

«መቼ ነው የሞቱት?» አለች።

እትዬ አልማዝ እንባዬን መጥረግ ጀመሩ። እኔም ቀና አልኩ። «መቼ ነው?» አልኳቸው በአማርኛ።

«ቆይቷል ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ወር አልፎታል።»

ራሴ ተረጎምኩላት። ወር አልፎታል አልኳት። ፍራው ቤክ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «ከወር በፊት ከሞቱ» አለች፣ «ለምን አሁን? ለምን በዚህ ሰዓት?»

እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራው ቤክ ትክክል ነች ያልኩት ያኔ ነው። እዚያው ተቀምጬ ወደ እትዬ አልማዝ ዞርኩ።

«ወሩን ሙሉ በላሽ ተኛሽ ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«ወንድምሽ አደራ ብሎኝ ነው። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፣ ጥላ ትመጣለች፣ ያን ሁሉ ደክማ ባዶ እጇን ትቀራለች አለ። ምን ላድርግ ልጄ? ወጋችን ነው።»

«እናንተስ?» አልኳቸው ሌሎቹን። «ስታቅፉኝ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አንገታቸውን ደፉ። የአስተማሪዋ ጥያቄ ያኔ ነው የመጣብኝ። ያ ሰው እስከዚያ ምን እያደረገ ነው? ዳማከሴ ጠጪ እያለ ነው። ዳዊትን አባዬን ሰላም በልልኝ እያለ ነው። ፈተና እያጠና ነው። አባቱ አፈር ውስጥ እያለ ለሱ ሹራብ እየመረጠ ነው።

አልሄዱም። ሽሮ ሠሩ፣ አጠገቤ ወለል ላይ ተኙ፣ ተራ ገብተው ሥራቸውን እየቀሩ አብረውኝ ተቀመጡ። የደረጃ ተራዬ ስለነበር እትዬ አልማዝ ደረጃውን ጠረጉልኝ። ብቻዬን አልወደቅኩም፣ ይኼን አልክድም። ይቅር ግን አላልኳቸውም፣ እንጀራቸውን እየበላሁም አላልኳቸውም።

ዳዊት ይደውላል፣ አላነሳም። የሞት ማስረጃውን በፎቶ ላከልኝ። ያ የቢሮው ሰውዬ አምጪ ያለኝ ወረቀት ይኼው ነበር፣ ጀሞ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ። ያኔ በእጄ ቢሆን በዚያው ሳምንት እሳፈር ነበር። ቀብሩ ላይ ባልደርስ ከእማዬ አጠገብ እቀመጥ ነበር። አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስደርጌ ይዤው ሄድኩ። አርባው ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰውዬው ተክሉን ውኃ እያጠጣ ነበር። ወረቀቱን አየና አዘነልኝ።

«ቀብሩ ተፈጽሟል?» አለኝ።

«ተፈጽሟል። ለአርባው ነው የምሄደው።»

«አርባ ምንድን ነው?»

አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። «አስቸኳይ የሚባለው ለቀብር ነው» አለኝ። «ቀብሩ ካለፈ በመደበኛው ቀጠሮ ነው የምናስተናግደው።»

በሕይወት እያለ ስላልሞተ አስቸኳይ አይደለም፤ ሞቶ ሲቀበር ስለተቀበረ አስቸኳይ አይደለም። አስቸኳይ የነበረባቸውን ቀኖች ወንድሜ ደብቆ በላቸው። ከቢሮው ወጥቼ ትራም ማቆሚያው ጋ ቆሜ ዳዊት ጋ ደወልኩ። ሞቃቱ ክፍሌ እስክደርስ እንኳ አልጠበቅኩም፣ መንገደኛ ያየኛል አላልኩም።

«ያን ቀን ድንኳኑ የማን ነበር?» አልኩት። ሰላም ሳልለው ነው።

«የኛ ነው» አለኝ። «ሠልስቱ ነበር።»

«ላውድ ላይ አድርገኸው ነበር?»

«አድርገው አልሽኝ። እንቢ ብልሽ ትጠረጥሪያለሽ።»

«ሰው ሰማ?»

«ሁሉም ሰማ።»

«ምን አሉ?»

«ጸጥ አሉ። ሕዝቡ እንዳለ ጸጥ አለ። ከዚያ እማዬ ከፍራሹ ተነሳችና መለሰችልሽ።»

«ምን ብላ ነው የመለሰችልኝ?»

«እልል ብላ» አለኝ። «መስመሩ መቋረጡን አላወቀችም። ዝም ካልን ትጠረጥራለች ብላ ነው። አክስቶቻችን አበደች ብለው ያዟት።»

ትራሙ መጣ፣ ሰው ወረደ፣ ሄደ። ጥቁር ለብሳ፣ ባሏን ሀና ማርያም ቀብራ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ሕዝብ መሃል ቆማ እልል ያለች እናቴ ታየችኝ። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ስልኩን ለእማዬ ስጣት አልኩት።

«ተቆጪኝ» አለች እማዬ ገና ስልኩን ስትይዝ። «እሱን ተይው፣ እኔ ነኝ አትንገሩ ያልኩት። እኔን ተቆጪኝ።»

ተቆጣኋት። እናቴን እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም። የኔን አባት ሞት ሄለን ሳትቀር ጎረቤቱ ሁሉ ሲያውቀው እኔ ልጁ መጨረሻ ሰማሁ አልኳት። ከነነፍሴ ታይኛለሽ ብሎኝ ነበር፣ ሬሳውን እንኳ አላሳያችሁኝም አልኳት። ማን ወክሏችሁ ነው ለኔ የምትመርጡልኝ አልኳት። ካርዱም ፈተናውም ይቅርብኝ ነበር፣ እኔ ነበርኩ መምረጥ ያለብኝ አልኳት። እሺ ትላለች፣ ልክ ነሽ ትላለች። ድምፄ ሲዘጋ ምሳ በላሽ ወይ አለችኝ።

ስልኩን ለዳዊት ስትመልስለት አንድ ነገር አስማልኩት። እማዬ አንድ ነገር ብትሆን በዚያው ሰዓት ትደውልልኛለህ አልኩት። ሌሊትም ቢሆን፣ ሥራ ላይም ብሆን፣ ፈተና ላይም ብሆን። ሰው አትሰብስብ፣ እትዬ አልማዝ ጋ አትደውል፣ ሞተች ብለህ አፍ አውጥተህ ትነግረኛለህ። እሺ አለኝ። በአባዬ ሞት ማልልኝ አልኩት፣ ማለልኝ። እንደሚዋሽ አውቃለሁ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር፣ ከሁሉ የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ካርዱ በጋ ላይ ደረሰ። የአባዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ አንድ ሰሞን ሄጄ መቃብሩን አየሁ፣ አለቀስኩ፣ ተመለስኩ። ከዳዊት ጋር ታርቃችኋል ይሉናል። እንነጋገራለን፣ ያ መታረቅ ከሆነ። ግን ስደውል ከኋላው ድምፅ ከሰማሁ ካሜራ ክፈት እለዋለሁ። ዞር አድርገው፣ ሳሎኑን አሳየኝ፣ በረንዳውን አሳየኝ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን አለ ወይ እለዋለሁ። ይሰድበኛል፣ ያሳየኛል። እማዬን አቅርባት እላለሁ፣ ቀርባ እጇን ታወዛውዝልኛለች።

ዛሬ እሁድ ነው። ጠዋት ስደውል ዳዊት ብቻውን ነበር። እማዬ ሀና ማርያም ሄዳለች፣ ስልኳን ቤት ረስታ ነው የወጣችው አለኝ። ካሜራ ክፈት አልኩት፣ ኔትወርኩ አይዝም አለኝ። ስትመጣ ወዲያው ትደውልልኝ አልኩት፣ እሺ አለኝ። ቅዳሴ ካበቃ ቆይቷል። ፍራው ቤክ ከታች ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። ይህን የምጽፈው እማዬ እስክትደውል ነው።